ዋኖስ በምን ጡንቻ ትብረር?

እስቲ ጠጋ በሉና አንድ እፍረቴን ልንገራችሁ። ካገባሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት ዶሮ በእጄ ገነጣጥዬ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቼ አላውቅም። ዓመት በዓል ሲደርስ ጎረቤቴ እትዬ ተሾመች በጓሮ በር ይገባሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ በጓሮ በር ይወጣሉ። እኔ ደግሞ ወጡን ይዤ ሳሎን ብቅ እላለሁ፤ «እጅሽ ይባረክ» የምባለውም እኔ ነኝ። ባለቤቴ ይህን መጽሔት አያነብም በሚል እምነት ነው የምጽፈው። የምታውቁት ካላችሁ አደራችሁን፣ ዝም በሉልኝ።

ታዲያ ይህን ጉድ አሁን ምን አስወጣኝ? ዋኖስ ናታ! ለማታውቋት፣ ዋኖስ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ በየክፍሉ የምጽፋት የልብ ወለድ ልጅ ናት። ከለቡ ማዶ ካለው ሜዳ የተወለደች፣ ክንፍ ያላት፣ ግን ገና ያልበረረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ትዳር፣ የሰው ሠርግና የሰው ኩርፊያ ስጽፍላችሁ ኖሬ፣ ከራሴ ሆድ የወጣች የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ሦስተኛው ክፍል እንደወጣ ጎረቤቴ ኑረዲን፣ ጎፋ ልብስ ስፌት ቤት ያለው፣ በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «አክሱማዊት፣ ይቺ ልጅ ቀሚሷን በየት በኩል ነው የምታጠልቀው?» አለኝ። በሳምንቱ አርባ ደብዳቤ ቢሮ ገባ፤ አርባውም የኑረዲን ጥያቄ ወንድም ነው። አዘጋጃችን ዳኜ ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ከመረና «በፋሲካው እትም ሰው ሳይስቅብን ካልበረረች፣ ገጹን ለኮከብ ቆጠራ እሰጠዋለሁ» አለኝ።

ጭንቅ ሲይዘኝ ጋሼ ገብረ መድኅን ትዝ አሉኝ። የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ቡዳፔስት ለእንስሳት ሐኪሞች የአእዋፍን አካል ያስተምራሉ ሲባል እሰማለሁ። መጨረሻ ያየኋቸው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አድራሻቸውን ከእናቴ ተቀብዬ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ያውሯችሁ፤ ጋሼም ፈቅደዋል።

መካኒሳ አቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ መድኅን፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፣ ጉልበትዎ ላይ ተቀምጣ መነጽርዎን የሰበረችው ሕፃን እኔ ነኝ። ይህን ካልሽው ይበቃል ብላለች እናቴ።

ጋሼ፣ አይደንግጡ፤ ገንዘብ ልለምንዎ አይደለም። ክንፍ ያላት ልጅ ጽፌ ተቸገርኩ። ሦስቱን ክፍል ከመጽሔቱ ቆርጬ ልኬልዎታለሁ። ሰው ሆና፣ እጅም እግርም ኖሯት፣ ክንፍ ሲጨመርባት ነገሩ እንዴት ይሆናል? ክንፉ ከየት ይበቅላል? በምን ይያዛል? እንዴትስ ትተኛለች? ፋሲካ ሳይደርስ ካልበረረች ገጼን እነጠቃለሁ። የሰው ወሬ መጻፉ አይሰለቸኝም፤ ይቺ ከሞተችብኝ ግን ሁለተኛ ልብ ወለድ የምጀምርበት ድፍረት የማገኝ አይመስለኝም።

ደግ ደጉን ያሰማን። መልስዎን በር በሩን እያየሁ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ አክሱማዊት

ቡዳፔስት፣ ኅዳር 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአክሱማዊት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እናትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። መነጽሩን አልረሳሁትም።

የላክሽውን አነበብኩ። አልዋሽሽም፤ ልጅሽ አትበርም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ክንፍ ማለት እጅ ነው። ወፍ ክንፍ ያገኘችው እጇን ሰጥታ ነው። ትከሻ አለው፣ ክርን አለው፣ አንጓ አለው፣ ጫፉ ላይ የተጣበቁ ጣቶች አሉት። ያንቺ ዋኖስ ግን ሁለት እጇንም ሁለት እግሯንም ይዛ ሁለት ክንፍ ጨመረች። ስድስት! ይሄ የአንበጣ ሒሳብ ነው። ክንፉን ደግሞ እንደ ነጠላ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርገሽላታል። የሚይዘው ሁለተኛ ትከሻ የታለ? የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻስ? ከሚበሩት ወፎች ሁሉ ከባድ የሚባለው እንኳ ሃያ ኪሎ አይሞላም። ልጅሽ ሃምሳ ኪሎ ብትሆን፣ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ሜትር ያህል ይፈልጋል። አንቺ በክፍል ሁለት ታክሲ አሳፍረሻታል። ለመሆኑ ወያላው የስንት ሰው ቦታ ያዝሽ አላት?

ምክሬን ከፈለግሽ፣ ክንፉን ተዪውና ብስክሌት ስጫት። ሌላ ክፍል አትላኪልኝ፤ ጊዜ የለኝም።

አጎትሽ ገብረ መድኅን

መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ መድኅን፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ጉንጯን ተስማለች።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሁለተኛው ተናደድኩ፣ በሦስተኛው ወያላው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ለኑረዲን፣ ለልብስ ሰፊው፣ አነበብኩለት። የአንበጣው ሒሳብ ጋ ስደርስ አጥሩን በቡጢ መታና «አላልኩሽም? አራት እጅጌ!» አለ። ሚስቱ ሙፊዳ ከውስጥ ሆና «አንተ ሁለቱንም በቀጠሮ ቀን አድርሰህ አታውቅ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩኝ እንዴት እንደማትበር ነው። እሱንማ እዚህም የሚነግረኝ ሞልቷል። ቡዳፔስት ድረስ የጻፍኩት እንዴት እንደምትበር እንዲነግሩኝ ነው። ስድስት ከሆነች ስድስት ትሁን፤ እግዜር አንበጣን ሲፈጥር ማንን አማከረ? ሁለተኛ ትከሻ ከጎደላት ይስጧት፤ እርስዎ አያጡም። ብስክሌት ግን አትነዳም።

ጊዜ እንደሌለዎት ገብቶኛል። ክፍል አራትን ያስገባሁት ፖስታው ባዶ እንዳይመስል ብዬ ነው።

አክባሪዎ አክሱማዊት

ከዚህ በኋላ ጋሼ ዝም አሉ። ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። «አስቀየምሽው» አለች እናቴ፤ «ጥንትም ኩሩ ነው።» ዳኜ ደግሞ ኮከብ ቆጣሪውን ቢሮ ድረስ አምጥቶ አስተዋወቀኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበሬን ግን አየት አድርጓታል። በጥር መጨረሻ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ።

ቡዳፔስት፣ ጥር 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአክሱምዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ዝም ያልኩት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ፤ ሒሳብ ላይ ነበርኩ። ሥዕሎቹ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ስለሆኑ አትታዘቢኝ።

ልጅሽን ሠላሳ አምስት ኪሎ አድርጌያታለሁ፤ ክንፏም ወደ ስድስት ሜትር ወረደ። አጥንቷ እንደ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው። ከእጇ ትከሻ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ጥንድ ትከሻ ሰጥቻታለሁ፤ አንቺ እንዳልሽው፣ አላጣሁም። ሳንባዋ እንደኛ አየር አስገብቶ በመጣበት የሚመልስ አይደለም። እንደ ወፍ አየሩ በአንድ አቅጣጫ ያልፍበታል፤ ሽቅብ ስትበር ትንፋሽ አያጥራትም። ደረቷ ላይ እንደ ጀልባ ሆድ ወደ ፊት የወጣ አጥንት አለ፤ ያለ እሱ ጡንቻው መያዣ የለውም። ቆንጆ ናት ብለሽ ጽፈሻል። ቆንጆ ናት፣ ግን ደረቷ ከሷ ቀድሞ በር ይገባል፤ እሱን ተቀበይ። ጀርባዋ ስለማይታጠፍ ጫማዋን ሰው ይሰርላት። በሆዷም በጀርባዋም መተኛት አይሆንላትም፤ በጎኗ ትተኛ። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ያውም ቅባት ያለው ምግብ ትበላለች። ጾም አትችልም።

አንድ ነገር ብቻ በወረቀት ላስረዳሽ አልቻልኩም፤ የመብረሯ ነገር የተንጠለጠለውም እሱ ላይ ነው። ክንፍን ወደ ታች የሚመታው ጡንቻ ደረት ላይ እንደሆነ ማንም ይገምታል። ወደ ላይ የሚያነሣውስ? ጀርባ ላይ ይመስልሻል። እሱም ደረት ላይ ነው! ጅማቱ በትከሻ ቀዳዳ ሾልኮ፣ ዞሮ፣ ክንፉን ከላይ ይስበዋል፤ ልክ የጉድጓድ ገመድ በመዘውር ላይ ዞሮ ባልዲውን እንደሚያነሣው። ይህን በእጅሽ ካልነካሽው ስትጽፊው ያስታውቅብሻል። ዶሮ ግዢ። ደረቷን ክፈቺና ከትልቁ ሥጋ ሥር የተሸሸገውን ትንሹን ሥጋ ሳቢው። መቼም ያገር ቤት ልጅ ነሽ፣ የዶሮ ነገር ለአንቺ አይነገርም።

ክፍል አምስት ካለቀ ላኪልኝ። ያ የሚያጅባት የለቡ ጎረምሳ አላማረኝም።

አጎትሽ ገብረ መድኅን

መካኒሳ አቦ፣ የካቲት 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ ገብረ መድኅን፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰዎ። ሥዕሎቹን መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ባለቤቴ «ይቺ ሴት ማን ናት?» አለኝ። «ዘመዳችን ናት» አልኩት።

ጋሼ፣ ለእርስዎ አልዋሽም፤ እኔ ዶሮ ገነጣጥዬ አላውቅም። ለቅበላ እሑድ ዶሮ ገዛሁና እንደ ልማዴ እትዬ ተሾመችን ጠራሁ።

«እትዬ፣ ዛሬስ ደረቷን ከፍተው ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«ደረት መጨረሻ ነው» አሉኝ፣ ቢላዋቸውን እየሳሉ። «ክንፍ ይቀድማል። ተራ ካልጠበቀ ብልት አይባልም ልጄ፣ ብጥስጣሽ ነው።»

ስልክ ጮኸ። ዳኜ ነው፤ የፋሲካውን ክፍል እስከ ሚያዝያ 8 አስገቢ ይለኛል። ስመለስ አሥራ ሁለቱም ብልት በጎድጓዳ ሳህን ተደርድሮ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ እንደ ሙሽራ ይጠብቀኛል። ክንፉ ለብቻው፣ ደረቱ ለብቻው። ትንሹን ሥጋ ፈልጌ አገኘሁና ሳብኩት። ሥጋው እጄ ላይ ቀረ። ክንፉ ከሳህኑ ማዶ ጋደም ብሎ አየኝ።

በማግስቱ ጾም ገባ። እንግዲህ እስከ ፋሲካ፣ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ዶሮ ከደጄ አታልፍም። የፋሲካው ክፍል ግን ከፋሲካ በፊት መግባት አለበት። ምን ላድርግ ጋሼ?

ጾሙን በተመለከተ የነፍስ አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ። «አባ፣ ክንፍ ያላት ልጅ ጾም ባትችልስ?» ብላቸው ጢማቸውን አሸት አደረጉና «ለበሽተኛና ለመንገደኛ ይፈቀዳል። የምትበር ከሆነች ያው መንገደኛ ናት» አሉኝ።

ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የፖስታዎ አድራሻ ተለውጧል፤ የትምህርት ቤቱ ስም የለበትም። ሰላም ነው?

አክባሪዎ አክሱማዊት

ቡዳፔስት፣ መጋቢት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአክሱምዬ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ይህን የጻፍኩት ሳቄን ስጨርስ ነው፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «ክንፉ ሳይነጠል» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ! እናቴም እንደ እትዬ ተሾመች ከክንፍ ነበር የምትጀምረው። ሃያ ስድስት ዓመት ለፈረንጅ ተማሪ ያሳየሁትን ነገር በእናቴ ማጀት ለምን እንዳላየሁት ገና አሁን ገባኝ። ስንት ባለሙያ ሴት አለ ባገራችን፣ የዶሮን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ! ግን ሁሉም ያንን ጅማት ሳያየው በፊት ይቆርጠዋል። ዶሮዋን ከነክንፏ ፈልጊ። ከየትም ፈልጊ፤ አንቺ ወሬ የማታጪ ዶሮ አታጪም።

ስለ አድራሻው ጠይቀሻል። ከመስከረም ጀምሮ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ መስኮት ሥር ቆሜ ርግብ ስቆጥር ነው። ጊዜ የለኝም ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። አሁን ግን እውነትም የለኝም። ከታች ያለው ጎረቤቴ ጡረተኛ አናጢ ነው፤ የዋኖስን ክንፍ አጥንት ከእንጨት እየሠራን ነው። ግራ ክንፏ አልቋል። ደረጃው ላይ ወይ አልወርድ ወይ አልወጣ ብሎ ፎቁን ሙሉ ዘግቶታል። ሕዝቡ በሱ ሥር እያጎነበሰ ነው የሚያልፈው፤ አንድም ሰው አልተቆጣም።

ክፍል ስድስትን በፈጣን ፖስታ ላኪው። ጎረምሳውን ደግሞ አደራሽን፣ ከመብረሯ በፊት እንዳትድሪያት።

አጎትሽ ገብረ መድኅን

መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼዬ፣

እልል በሉልኝ! አየሁት!

ትናንት ሙፊዳ እንግዳ ይመጣባት ነበርና ኑረዲን ዶሮ አረደ። በአጥሩ ላይ ሆና ተጣራች።

«አክሱም! ዶሮሽ ተነጭታለች፣ ነይ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ጾም ነው፤ ሰው ይሰማል!»

«ማየት ያስገድፋል እንዴ? አትቅመሺ፣ አትላሺ። ነይ አልኩሽ!»

ገባሁ። ዶሮዋ ከነክንፏ ትሪ ላይ ተኝታለች። «ክንፏን እንዳትነኪ!» ብዬ ጮኽኩ። ሙፊዳ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጋችልኝ። «እኔ ምን አገባኝ? የምትበረው ያንቺ ልጅ ናት፤ አንቺው ክፈቺ።»

ጋሼ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በሰው ማጀት፣ በሁዳዴ፣ የመጀመሪያዬን ዶሮ ከፈትኩ። ትልቁን ሥጋ ከአጥንቱ ገለጥ ሳደርገው ትንሹ ሥጋ ከሥሩ ብቅ አለ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጅማት አለው። ያዝኩት። ሳብኩት።

ክንፏ ተነሣ!

መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ እጅ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ለቀቅኩት፣ ወረደ። ሳብኩት፣ ተነሣ። ሙፊዳ «ወላሂ፣ ሰላም አለችን!» ብላ እስከ በሩ ዘለለች። ኑረዲን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጣና እሱም ሳበ። ሦስት ጊዜ ሳበ። ከዚያ ግንባሩን መታ። «እኔ ሞኝ ስድስት ወር በሐሳቤ የቀሚሷን ጀርባ ሳሰፋ! ለካ ሥራው ሁሉ ደረቷ ላይ ነው። ቀሚሷ በጎን ይቆለፋል፣ ፊቷ በሽንሽን ይለቀቃል፣ ጀርባው ከወገብ በላይ በክር ይታሰራል።» የስፌት ጠመኔውን አውጥቶ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ነደፈው። እንግዶቹ የደረሱት ሦስታችንም መሬት ላይ ተንበርክከን ስለ ዋኖስ ብብት ስንከራከር ነው።

ስወጣ ግን ነጠላዬ ላይ ላባ ተጣብቋል፤ እትዬ ተሾመች ደግሞ በራቸው ላይ ቆመዋል። ላባውን በሁለት ጣት አነሡ። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «በሁዳዴ?» አሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ ሰምቷል።

ዛሬ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ስንት ዶሮ በእጄ አልፏል» አሉኝ፣ «ገመድ የሚባል ነገር የለም።»

«ከክንፍ ስለሚጀምሩ ነው እትዬ።»

«እና እናቴ ተሳስታ ነው ያስተማረችኝ?»

«ለወጥ አልተሳሳቱም። ለመብረር ነው።»

ላባውን መለሱልኝ። «ለፋሲካ ታሳዪኛለሽ። እውነት ካልሆነ ዳግመኛ በጓሮ በርሽ አልገባም።»

ክፍል ሰባትን ጀምሬዋለሁ። ዋኖስ ለቡ ዳገት ላይ ቆማለች። እስከ ዛሬ ከጀርባዋ ስትጠብቀው የነበረው ጉልበት ከደረቷ ሲመጣ ደንግጣለች። እንደ ደነገጠች እግሯ መሬት ለቀቀ። ጎረምሳው ጫማዋን እንደያዘ ታች ቀርቷል፤ ደስ ይበልዎ።

አክባሪዎና ወዳጅዎ አክሱማዊት

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ አበቁ፤ ወሬው ግን አላበቃም። ሚያዝያ 8 ቀን ክፍሉን ለዳኜ ሰጠሁት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ እንደቆመ ጨረሰ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ኮከብ ቆጣሪው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«እሺ፣ ተነሣች» አለ ዳኜ። «እንዴት ነው የምታርፈው?»

ደንግጬ አየሁት። እኔ መነሣቷን እንጂ ማረፏን መቼ አሰብኩት?

«ገጹስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን ገጽ ትይኛለሽ? ልጅቷን አየር ላይ ትቼ ኮከብ ልቁጠር?» አለ። ኮከብ ቆጣሪውም ብድግ አለና «እኔም ሳላውቅ ከምሄድ፣ ታርፋለች ወይስ ትወድቃለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

የፋሲካው እትም በሁለት ቀን አለቀ። በበዓሉ ዋዜማ እትዬ ተሾመች ዶሮዋን ከነክንፏ ፊቴ አስቀምጠው እጃቸውን አጣመሩ። ከፈትኩ፣ ሳብኩ፣ ተነሣ። በስመ አብ ብለው አማተቡና «ዞር በይ» አሉኝ፤ ራሳቸው ሲስቡ፣ ሲለቁ፣ ሲስቡ ወጡ ዘገየ። አሁን ማኅበርተኛውን በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

እኔ ግን ጭንቄ ሌላ ነው። ቴሌ ሄጄ ለጋሼ «ተነሣች። እንዴት ትረፍ?» የሚል ቴሌግራም ላክሁ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፤ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ ለማንበብ ከሙፊዳ ጋር ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። «ክንፏን እንዳታጥፍ ንገሪያት። አናጢውና እኔ ሌሊትና ቀን እየሠራን ነው። ደብዳቤ ይከተላል።»

እነሆ ዋኖስ ለቡ ላይ ክንፏን ዘርግታ እየዞረች ነው። ፖስታ ቤት በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ ሠራተኛዋ ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ያ ፖስታ በመጣ ቀን፣ በእግሯም ታርፍ በአፍንጫዋ፣ ለኑረዲን እንኳ በአጥር ሳልነግረው መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።